የዓሣው ጅራት

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ አሽዶድ፣ ወደብ ዳር፣
ትልቁ ማተሚያ ዓሣ ይዞ ነበር፤
ለማክሉፍ ሱቅ ደጃፍ፣ ቁመቱ አራት ሜትር፣
በነጭ ሸራ ላይ የሚዋኝ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ ባሕር።

ራሱ ወጣ፣ ደኅና፤ ዓይኑም አፈጠጠ፤
ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም ተራ በተራ አጌጠ፤
ጅራቱ ጋ ሲደርስ
ጋሪው ተንቀጠቀጠ፣
መብራቱ ድርግም አለ፣ ሁሉም ተቋረጠ።

አጠፋሁ፤ አበራሁ። አዛጋና ተነሣ፣
ምንም እንዳልበላ ድመት፣ አፉ ውስጥ ሆኖ ዓሣ።
ጥግ ላይ ተከምሮ፣ ካለፈው ሰኞ አንሥቶ፣
ስድስት ዓሣ ተኝቷል፣ ጭራው ሁሉ ቀርቶ።

አርካዲ፣ አሠሪዬ፣ የሸራውን ኪሳራ በጣቱ ያሰላል፤
ሲያበቃ ዞር ብሎ "ጠገናው!" ይላል።
ስሜ ራሱ ትእዛዝ ነው።
እናቴ ምን ተሰብሮባት እንዳወጣችው
ጠይቄያት አላውቅም።

ማክሰኞ ከሖሎን ሊቁ መጣ በመኪና፣
መዳፍ የምታክል ናሙና አተመና፣
"ጤነኛ ነው" አለ፣ "ከእኔም ይልቅ ጤና!"
ስምንት መቶ ሼቄል ቆጥሮ እንደ ወጣ፣
ማሽኑም በሽታውን ከደበቀበት አወጣ።
ሐኪም ሲያይ የሚድን፣ ሲሄድ የሚታመም፣
እንዲህ ላለው ደዌ ማን አወጣ ስም?

ፊውዙን ጠረጠርኩ፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።
የበረሃውን ነፋስ አማሁት፤ ነፋሱም ሳይመሽ ተኛ።
የባሕሩን ጨው አማሁ፣ መሰኪያውን ሁሉ በአልኮል አጠብኩ፤
የጎረቤት በረዶ ቤት ሞተሩን ሲያስነሣ፣
ኮረንቲ ቢሰርቀን ብዬ እስከ ሌሊት ጠበቅኩ።
አንድ ጊዜም ሰደብኩት፤
ስድብ ኮረንቲ አይደል፣ አልያዘውም።

ዛሬ ግን ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣
ካቻቢቴዬን ጥዬ ዓሦቹን ዘረጋኋቸው።
ሰዓታቸው ይለያያል፣ ሙቀታቸው ይለያያል፣
የቆሙበት ስፍራ ግን አንድ ላይ ይውላል።
ሆዱ መሀል ለመሀል ነው፤
ጭራው ብቻ ነው፣ ክንዱን እንደ ዘረጋ ሰው፣
እስከ ሸራው ጠርዝ የሚደርሰው።
ጋሪውም ቀለም ተከትሎ ነው የሚራመድ፤
ቀለም ካልጠራው በቀር ዳር ድረስ አይሄድ።
የሊቁ ናሙና በሩ ላይ ቆማ፣
"እንዴት አደርክ?" ብላ ነበር የሄደች፣ ከጓዳ ሳትሰማ።

መክደኛውን ፈታሁ፣ አሥራ ሁለት ብሎን፤
ጋሪውን በእጄ ገፋሁት፣ ቀስ፣ እንደ ሕፃን አልጋ።
ሜትሩ ይጮኻል፤ መጮኹ ጤና ነው።
ይጮኻል፣
ይጮኻል፣
ጠርዙ ላይ፣ ዝም።
መለስኩት፣ ጮኸ። ገፋሁት፣ ዝም።
ዝምታ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥብጣቡን ነቅዬ ለመስኮቱ ሰጠሁት፤
ከሠላሳው ሽቦ ዘጠነኛው ላይ፣
ፀጉር የማታክል ብርሃን ሾልካ ስትታይ!
ሲታጠፍ ይስማማል፣
ሲዘረጋ ይጣላል፤
ስንት ሺህ ጊዜ ሄዶ፣ ስንት ሺህ ተመልሶ፣
ድካሙን የተናገረው እዚያች ብቻ ደርሶ።

"ምን ነበር?" አለ አርካዲ።
የእኔን ዕብራይስጥ ታውቁታላችሁ፤ በር በሩ ላይ ደኅና ነው፤
"ሰላም" እና "እሺ"ን ሊቁ ራሱ ቢፈትሸው
ስምንት መቶ ተቀብሎ "ጤነኛ" ነው የሚለው።
ሲረዝም ነው እንጂ፣ "ስለዚህ" እና "ምክንያቱም" ጋ ሲደርስ ነው፣
መብራቱ ድርግም የሚለው።
የአርካዲም ቢሆን ከእኔው አይሻልም፤
ሃያ ዓመት ሆኖት "ምክንያቱም"ን አልደፈረም።
ስለዚህ ጥብጣቡን ወደ ፀሐይ ያዝኩለት።
መነጽሩን አወለቀ፣ ቀረበ፣ አየ፤
በሩስኪ አንድ ቃል ተናገረ።
ቃሏን አላውቃትም። ገባኝ።

ከጓሮው፣ ከሞተው ማሽን፣ ሌላ ጥብጣብ ፈታን፤
ጭራው ወጣ፣ ሰፊ፣ ሳያጓድል አንዲትም ጣት።
ማክሉፍ ሊረከብ መጣ፣ የሰንበት ሸሚዙን ለብሶ፤
እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣
ከራስ እስከ እግሩ፣ ከእግር እስከ ራሱ አየው፤
"ጥሩ ነው" አለ።
"ጅራቱ ግን ትንሽ አልበዛም?"